ረጅም የአየር ሥር ላለው ኦርኪድ ግልጽ መትከያ ይጠቅማል? ደብረ ብርሃን ላይ ስምንት ወር ሞከርኩት

ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ኦርኪድ አለኝ። ሁለቱም ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ናቸው። አበባ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለና ወፈር ያለ፣ አበባው ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስለው። ትልቋ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከመትከያዋ ወጥተው በየአቅጣጫው የተንጠለጠሉ ሥሮች አሏት፣ ረጅሙን ለክቼው 47 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። እቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አበባው ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀኝም አንድ ነው፦ «ይሄን ለምን አትቆርጪውም?»

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ጎኑና ታቹ አየር እንዲገባ ሆን ተብሎ የተሰነጣጠቀ፣ ውስጡን እንደ መስታወት የሚያሳይ የፕላስቲክ መትከያ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ የለጠፈው «የኦርኪድ ሥር ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያደርግ» ብሎ ነው። ያ እውነት አይደለም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሥሩ አሁንም ይወጣል። ዕቃውን ግን ወድጄዋለሁ፣ ለሁለተኛዋ አበባም ሌላ ገዝቻለሁ። ለምን እንደወደድኩት ለመናገር ግን ከኋላ መጀመር አለብኝ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ የተማርኩት አበባዬን ልገድላት ከደረስኩ በኋላ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሥሮቹ ሲበዙብኝ ጊዜ አንድ አበባ የሚሸጥ ቤት ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውዬውም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። «እነዚህ ውጭ የወጡት ምግቧን እየበሉባት ነው፣ ላስተካክልልሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። በአትክልት መቀስ ውጭ ከነበሩት ስምንት ሥሮች ሰባቱን ከግንዱ ጥግ ቆረጣቸው። ከዚያ የቀረውን ጥቁር አፈርና ፍግ በተቀላቀለበት መትከያ ውስጥ ቀበረው፣ ከላይ በመዳፉ ጠቅጠቅ አደረገው፣ ውሃ እስኪፈስ ድረስ አጠጣልኝ። አመስግኜ፣ ከፍዬ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ። ንጹሕ ሆና ነበር፣ እንደ ፀጉሩን የተስተካከለ ልጅ።

በወሩ ቅጠሎቿ ለሰለሱ። ቀጥ ብለው የነበሩት ወደ ታች ተንጠለጠሉ፣ መሐላቸው ተጨማደደ። ውሃ የጠማት መስሎኝ ጨመርኩላት። ባሰባት። ሲጨንቀኝ ነቅዬ አወጣኋት። አፈር ውስጥ የተቀበሩት ሥሮች ቡናማ ሆነዋል፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጡ እጄ ላይ ቀርቶ ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ይሆናል፣ ሽታውም የረጋ ውሃ ሽታ ነው። አንድ ጤነኛ ሥር ብቻ ነበር። መቀሱ ያላገኛት፣ ከታችኛው ቅጠል ኋላ ተደብቃ የተረፈችው ስምንተኛዋ የአየር ሥር። አበባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታብብ በዚያች በአንዲት ሥር ነው የኖረችው። እሷም ተቆርጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ፋሌኖፕሲስ አፈር ላይ የሚበቅል ተክል አይደለም። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፣ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ አካባቢ። ሞቃትና እርጥብ ጫካ ውስጥ የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። አንዳንዱ ሥሩ የዛፉን ቅርፊት ጨብጦ ይይዛል፣ ሌላው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዝናብ ሲዘንብ ይጠጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያደርቀዋል። እኛ ቤት መትከያ ውስጥ ስናስገባውም ያው ጠባዩ አይለወጥም። ግንዱ በየዓመቱ ቅጠል እየጨመረ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ አዲሶቹ ሥሮች ከቅጠሎቹ መሐል ይወጣሉ፣ ከፍ ካለ ቦታ የወጣ ሥር ደግሞ መትከያው ጋ የሚደርሰው በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ የአየር ሥር መብዛቱ በራሱ በሽታ አይደለም። አንዳንዴ ግን የሚነግራችሁ ነገር አለ። መትከያው ውስጥ በአፈር ፋንታ የሚደረገው የዛፍ ቅርፊት በስብሶ አየር ካጣ፣ ወይም ውስጥ ያሉት ሥሮች ሞተው ከሆነ፣ ተክሏ ኑሮዋን ወደ ውጭ ታዞራለች። ውጭ ያለውን ሥር ቆርጦ ይህን ማዳን አይቻልም። ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ግልጹ መትከያ የሚመጣው። ሥሩን አይገዛም፣ ሥሩን ያሳያል። የከፈልኩት ለዚህ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ሻጩ ሌላ ነገር ቢልም።

ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ የመጡ ቀን ያሉኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሥሮቹን ትክ ብለው አይተው «ልጄ፣ ይሄማ ተቀጥላ ነው። የሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያደርቅ» አሉኝ። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ ብዙ ሰው ነው የሚለኝ። «እትዬ፣ ተቀጥላ እኮ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰዶ ከዛፉ ነው የሚጠጣው። ይቺ ግን ዛፉን መቀመጫ ነው ያደረገችው፣ ከዛፉ ምንም አትወስድም» አልኳቸው። ፍንጃላቸውን ይዘው ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያ እንደ ዛፍ ሽበቱ ነዋ» አሉ። እሳቸው የደብረ ሲና ሰው ናቸው፣ የወፍ ዋሻን ጫካ እያዩ ነው ያደጉት። ከቆላው የሚወጣው ጉም ገደሉን ይዞ ሲመጣ በእነዚያ አሮጌ ጽድና ዝግባ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው ሽበት ሲርስ ያየ ሰው፣ አየር ላይ ያለ ሥር እንዴት እንደሚጠጣ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። እኔ በብዙ ንባብ የደረስኩበትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

በነገራችን ላይ በአገራችንም ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች አሉ። ማይክሮሴሊያ ከሚባሉት መካከል በኢትዮጵያም የሚገኝ አለ፣ ጭራሽ ቅጠል የለውም። ሥር ብቻ ነው፣ ምግቡን ከፀሐይ የሚሠራው በሥሩ ነው። ሥር ቆራጭ እጅ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚተርፈው አስቡት። አደራ ግን፣ እንዲህ ያለ ነገር ጫካ ውስጥ ካያችሁ ነቅላችሁ ወደ ቤት አታምጡ። እቤት አይኖርላችሁም፣ ጫካውም ያጣዋል። ኦርኪዶች በሙሉ ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የገዛሁት መጋቢት ላይ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መትከያና ሁለት ሊትር የሚሆን የጥድ ቅርፊት፣ ሁለቱን አንድ ላይ 780 ብር። ሻጩ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ጠዋት በሚኒባስ ላከልኝ፣ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። መትከያው ሳይሰበር ደርሷል። ስስ ነው፣ ግን እንደ ውሃ ፕላስቲክ የሚጨማደድ አይደለም። ታቹ መሐል ላይ ወደ ላይ ከፍ ያለ ጉብታ አለው፣ እሱም የተሰነጠቀ ነው፣ አየር ከታች ወደ መሐሉ እንዲገባ። ይህ ጉብታ ጥሩ ሥራ ነው። መትከያ መሐል ያለው ቅርፊት ነው ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርቀው፣ ብስባሹም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቅርፊቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሩብ ያህሉ አቧራና ስብርባሪ ነበር። በእህል ወንፊት ነፋሁት፣ ከሁለቱ ሊትር አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው የተረፈኝ። ደቃቁን ካልለያችሁት በቅርፊቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ይሞላና እንደ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ያኔ መትከያው ሺህ ቀዳዳ ቢኖረው ዋጋ የለውም። የጎደለውን ከቤት ከሰል ሞላሁ፣ ለውዝ በሚያህል መጠን ሰባብሬ፣ ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ አጥቤ። ከሰል ስለማይበሰብስ ክፍተቱን ጠብቆ ያቆያል። ቀድሞ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ሞክሬ ነበር፣ እዚህ ከተማ እሱ ሞልቷል ብዬ። አንድ ክረምት ሳይሞላው ረግቦ ጭቃ መሰለብኝ።

የማዘዋወሩን ቀን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሥር የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። የደረቀ የአየር ሥር እንደ ደረቅ ፓስታ ነው፣ ልታጥፉት ስትሞክሩ ቋ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ሞላሁና አበባዋን ከነሥሯ ነከርኳት፣ ቅጠሎቿ ከውሃው በላይ ሆነው። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሥሩ ሲገባ ብርማ ነጭ ነበር። ላዩ ላይ ጥቃቅን የአየር አረፋ ተለጠፈ። ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ፣ ወረቀት ላይ ቀለም እንደሚሰርግ፣ አረንጓዴው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። አንዱ ሥር መሐሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ቀርቶበት ነበር፣ እሱም ጠፋ። ሥሩን የሚሸፍነው ቬላሜን የሚሉት ስፖንጅ መሳይ ልባስ ነው። ሕዋሳቱ የሞቱና ባዶ ናቸው፣ አየር ሲይዙ ነጭ ይመስላሉ፣ ውሃ ሲይዙ ግልጽ ይሆኑና ከውስጥ ያለው አረንጓዴ ይታያል። ነጩ ሥር ታሞ አይደለም ማለት ነው፣ ጠምቶት ነው።

ከ20 ደቂቃ በኋላ አወጣኋት። አሁን ሥሩ እንደ ጎማ ይለምጣል፣ ግን ገደብ አለው። ቀስ ብዬ በመትከያው ቅርጽ ልክ እየጠመዘዝኩ አስገባሁት፣ እንደ ገመድ እየጠቀለልኩ፣ ታጥፎ የተከፋ ሲመስለኝ አቆማለሁ። አንዱ ግን ከግንዱ አራት ጣት ያህል ርቆ ተሰበረብኝ። ልጡ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ያለው ክር ግን አልተበጠሰም። ቆርጬ ልጥለው ነበር፣ ተውኩት። ስምንት ወር ሆኖታል፣ ጫፉ እስካሁን አረንጓዴ ነው። ውሃና ምግብ የሚያልፈው በዚያ መሐል ባለው ክር ነው፣ እሱ እስካለ ሥሩ ይሠራል።

የቆረጥኩት ሦስት ብቻ ነው። ሁለቱ ለስልሰው ቡናማ የሆኑ፣ አንዱ ደርቆ እንደ ወረቀት ባዶ የሆነ። ሌላ የማውቅበት መንገድ የለኝም፣ በጣቴ እጫነዋለሁ፣ ጠንከር ካለ ይቀራል፣ ከሟሟ ወይም ባዶ ከሆነ ይሄዳል። ቀለሙ ብቻ አይበቃም፣ ቅርፊት ውስጥ የኖረ ጤነኛ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ሊይዝ ይችላል። መቀሱን በአልኮል ጠርጌ እሳት ላይ አሳልፌዋለሁ፣ ወደ ሁለተኛዋ አበባ ስሄድም እንደገና። ኦርኪድ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው በመቀስ የሚተላለፉ ቫይረሶች አሉ፣ መድኃኒት የላቸውም። ያ አበባ ቤት መቀሱን ጠርጎ እንደነበር ትዝ አይለኝም።

በመጨረሻ ስድስት ሥር ውስጥ ገባ፣ አምስት ውጭ ቀረ። አምስቱን በግድ አላስገባሁም። አየር ላይ ያደገ ሥር በአንድ ጊዜ እርጥብ ነገር ውስጥ ሲቀበር አንዳንዴ ይበሰብሳል፣ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ ከሆነማ ብዙ ጊዜ። ቅርፊቱ አየር ያለበት ስለሆነ ስድስቱ ተስማምቷቸዋል። የ47 ሳንቲ ሜትሩ እንደተንጠለጠለ ነው።

አሁን ከመትከያው ጋር ስለኖርኩባቸው ወራት። ቀድሞ የማጠጣው በቀን ቆጠራ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ክረምት ሆነ በጋ። አሁን አያለሁ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥሮች አረንጓዴ ከሆኑ፣ ወይም ፕላስቲኩ ውስጡን ላብ ካላበው፣ አልነካትም። ሥሮቹ ብርማ ሲሆኑና ላቡ ሲጠፋ አጠጣለሁ። በዚህ መንገድ ሚያዝያ ላይ በሰባት ቀን አንዴ ነበር የምታስፈልጋት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አሥራ አራት ቀን ደርሳ እንኳ ታቹ ገና አረንጓዴ ነበር! ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ በየሳምንቱ ሳጠጣ ኖሬያለሁ። ሥሯ የበሰበሰው በአፈሩ ብቻ አይደለም፣ በእኔም እጅ ነው።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ተክል ከባድ ከተማ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ነን። ፋሌኖፕሲስ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊት ከ15 ብዙ ባይወርድ ይወዳል። የኔ ሳሎን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሥሩ የሚሞተው፣ ብርዱ ብቻውን ሲሆን ብዙ ትችላለች። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጡን የሚያሳይ መትከያ ከሞቃት አገር ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ውሃ የማጠጣው ጠዋት ብቻ ነው፣ ለብ አድርጌ፣ እስኪመሽ እንዲንጠፈጠፍ። ውርጭ የጀመረ ሰሞን ማታ ማታ ከመስኮቱ አንስቼ ቡፌው ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ቅጠል ከቀዝቃዛ መስታወት ጋር ተነካክቶ ማደር የለበትም። ቀን ደግሞ ፀሐያችን ከፍታው ላይ ስለሆንን ያቃጥላል፣ ስስ መጋረጃ ያስፈልጋል።

ቡፌው ላይ አንድ ስሕተት ሠርቼ ነበር፣ ሙዝ ያለበት ሳህን አጠገብ አስቀመጥኳት። በሳምንቱ ሦስት እምቡጥ ረገፈ። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ኦርኪድ ይህን አይችልም። የከሰል ጭስም እንደዚያው ነው። ቡና የምናፈላበት ክፍል ውስጥ ላላችሁ፣ ምድጃው ሲቀጣጠል አበባውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት።

ውጭ ስላሉት አምስት ሥሮች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ክረምት ላይ ምንም አላደርግላቸውም፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ያለው ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ግን ጫፋቸው መድረቅ ይጀምራል። ጠዋት ጠዋት በመርጫ ጠርሙስ አረንጓዴ እስኪሆኑ እረጫቸዋለሁ። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሐል ላይ ውሃ ከተጠራቀመ በጥጥ አደርቀዋለሁ፣ እዚያ ያደረ ውሃ ግንዱን ከላይ ያበሰብሳል። ውሃው የዝናብ ነው፣ ነሐሴ ላይ ሁለት ጀሪካን አጠራቅሜያለሁ። የቧንቧውን ስጠቀም ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል፣ ስለዚህ ለእሷ አልሰጣትም። ከታች ጠጠር የሞላ ትሪ አለ፣ ውሃው ከጠጠሩ በታች ሆኖ፣ መትከያው ሳይነካው። ትሪው ምን ያህል እንደሚያግዝ ግን አጋንኜ አልናገርም፣ ሥሮቹ ላይ ለውጥ ያየሁት መርጨት ስጀምር ነው።

የመትከያው ጉድለቶች። አንደኛውና ዋናው፣ ቀላል ነው። የኔዋ ረጃጅም ሥሮች ሁሉም በመስኮቱ በኩል ስለሆኑ ክብደቷ ወደዚያ ያጋድላል፣ ሰኔ ላይ ሌሊት ወድቃ ወለሉ ላይ አገኘኋት። አንድ ቅጠል ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ከገበያ የሸክላ ዕቃ ገዝቼ ውስጡ አስቀመጥኳት፣ በዙሪያው አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖር ሰፋ ያለ መርጬ። ማየት ስፈልግ አንሥቼ አያለሁ። የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ወጪ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ የስንጥቆቹ ጠርዝ ስለታም ነው። በጣቴ ስዳስሰው ነው ያወቅሁት፣ በጥፍር ሞረድ አለሰለስኩት። ሳላደርገው ቀርቼ ቢሆን ለስላሳ ጫፍ ያለው አዲስ ሥር ይቆርጥ ነበር። ሦስተኛ፣ ሥሮች በስንጥቁ በኩል ወጥተው ውጭ ላይ ይወፍራሉ። እነዚያን ሳይጎዱ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በሚቀጥለው ማዘዋወር ፕላስቲኩን ነው የምቆርጠው፣ ሥሩን አይደለም፣ ስለዚህ ዕቃው አንድ ጊዜ የሚያገለግል ነው ብላችሁ ግዙት። ውስጡ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገርም ይይዛል፣ ብርሃን ስለሚገባ። ያ አያስፈራም፣ ተክሏን አልጎዳትም፣ ለዓይን ግን አያምርም።

እህቴ ሸዋ ሮቢት ናት። እኔ የገዛሁ ቀን ለእሷም ገዛሁላት። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ቆላው ውስጥ ስትገቡ ከእኛ ከተማ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል፣ የለበሳችሁትን ሹራብ ታወልቃላችሁ። እዚያ ይኸው መትከያ ሌላ ዕቃ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ይደርቅባታል። ስንጥቆቹ ለእሷ በዝተዋል። ሥሮቿ እንደኔዎቹ አልረዘሙም፣ ጫፋቸው ቶሎ ደርቆ ይቆማል። በስልክ ተነጋግረን ቅርፊቱ ላይ ስፋግነም ሞስ ጨመረችበት፣ ያ ውሃ የሚይዝ ደረቅ ለስላሳ ነገር፣ በእፍኝ ብቻ። ጎኑ ላይ ካሉት ስንጥቆች ግማሹን በፕላስተር ዘጋችው። አሁን አምስት ቀን ይቆይላታል። ያንኑ ሞስ እኔ እዚህ ብርድ ላይ ብጨምር አበባዬን እንደገና አበሰብሳት ነበር። ሁለታችንም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆነን ነው ይህ ሁሉ ልዩነት፣ ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ሰው «በሳምንት አንዴ አጠጡ» ሲላችሁ አትመኑ፣ ሥሩን እዩት።

ልክ ስለመምረጥ አንድ ነገር። ሻጩ 20 ሳንቲ ሜትሩን ውሰጂ፣ ሥሩ ሁሉ ይገባልሻል ብሎኝ ነበር። ባለመስማቴ ደስ ብሎኛል። መትከያው ውስጥ ከሚገቡት ሥሮች አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ ነው የሚያስፈልገው። ትልቅ ከሆነ ሥር ያልደረሰበት ቅርፊት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ለኛ ብርድ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። ሥሩን ሁሉ ለማስገባት ብላችሁ ትልቅ አትግዙ።

ለዕቃው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለክብደቱና ለስለታም ጠርዙ ነው። ከቅርፊቱ ጋር ለሚሸጠው ጥቅል ግን ሦስት፣ በአቧራው ምክንያት። ቅርፊቱን ለብቻው ከሌላ ቦታ የምታገኙ ከሆነ መትከያውን ብቻ ግዙ። አበባዋ በጤና ላይ ከሆነች፣ ቅርፊቱም ካልበሰበሰ፣ ሥሩ ስለተንጠለጠለ ብቻ ልትቀይሩላት አትቸኩሉ፣ ገንዘባችሁም ይቀመጥ። ቅርፊቱ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ካለፈውና በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም እንደኔ ከአፈር የምታወጡት ከሆነ፣ ያኔ ይጠቅማል።

ትልቋ መስከረም ላይ የአበባ ዘንግ አወጣች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ሦስቱ እምቡጥ በሙዙ ረገፈ፣ አምስቱ ግን ፈክቷል። ሁለተኛዋን እስካሁን አላዘዋወርኳትም፣ እሷም አበባ ላይ ናት። እስኪረግፍ እጠብቃለሁ። ትናንት ጠዋት ስረጫት ከታችኛው ቅጠሏ በላይ ሁለት አዲስ ሥር ብቅ ብሎ አየሁ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ ጫፉ ቀላ ያለ አረንጓዴ። አንዱ ወደ መትከያው ነው የዞረው። ሌላው ወደ መስኮቱ።